በሆይ አን ከተማ በወንዝ ዳር ስለሚገኙት የቆዩ ቤቶችና ስለ ቤተ መዘክሮቻቸው

ሆይ አን በመካከለኛው ቬትናም፣ የቱ ቦን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አቅራቢያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ15ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ የቻይናና የጃፓን፣ በኋላም የአውሮፓ ነጋዴዎች ሐርና የሸክላ ዕቃ ሊገበያዩ ይመጡባት ነበር፤ አውሮፓውያንም ፋይፎ ይሏት ነበር። ከዚያ በኋላ ወንዙ በደለል እየተሞላ ስለ ሄደ ለትላልቅ መርከቦች መግባት የማይቻል ሆነ፤ ንግዱም ወደ ዳናንግ ወደብ ዞረ። ከተማይቱ ደኸየች። ነገር ግን አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት የሚያበቃ ሀብት ስላልነበረ የእንጨት ቤቶቿ በያሉበት ቆሙ። ለነጋዴው ጥፋት የሆነው ደለል ለቤቶቹ ጠባቂ ሆነላቸው ማለት ነው።

ዛሬ ከነዚሁ ቤቶች አንዳንዶቹ ቤተ መዘክር ሆነዋል። በአንዱ ከልዩ ልዩ አገር በመርከብ የመጣ የሸክላ ዕቃ ተደርድሯል፤ በሌላው ደግሞ የሕዝቡ የእጅ ሥራና የኑሮ መሣሪያ ይታያል። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ ዐይኑን በመስታወቱ ሣጥን ላይ ይጥላል። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ዕቃውን የያዘው ቤት ራሱ ነው።

ቤቱ ጠባብና እጅግ ረጅም ነው። አንደኛው በር ወደ ገበያው መንገድ፣ በወንዙ በኩል ባሉት ቤቶች ደግሞ ሁለተኛው በር ወደ ውሃው ይከፈታል፤ በፊት ለፊት ይሸጣል፣ በስተኋላ ከጀልባ ዕቃ ይራገፋል። በመካከሉ ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ ግልጥ አደባባይ አለ። ምሰሶዎቹ እርጥበት እንዳይስቡ በድንጋይ መሠረት ላይ ቆመዋል። በአንዳንዶቹም ቤቶች በደርቡ ወለል ላይ በፍርግርግ የሚከደን ቀዳዳ ይገኛል። ምሥጢሩን ለማያውቅ ሰው ጌጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመጸው ዝናም ወንዙ ሞልቶ ወደ ቤት ሲገባ ሸቀጡን በገመድ ወደ ላይ የሚያወጡበት መንገድ ነው። ታን ኪ በሚባለው ቤት ግድግዳ ላይ ጎርፉ የደረሰበት ልክ ከነዓመቱ ተመልክቷል፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የ1964 ዓ.ም. ምልክት ከሰው ራስ በላይ ነው።

እንግዲህ ይህ ቤት ከወንዙ ጋር የተደረገ የረጅም ዘመን ስምምነት ነው። ነጋዴው ያለ ወንዙ አይከብርም፤ ወንዙም በየጊዜው ድርሻውን ሊጠይቅ ይመጣል።

በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኔስኮ አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በዚያው ዓመትም ታላቅ ጎርፍ አጥለቀለቀው። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ በዝቷል፤ ለጥገናም ገንዘብ ተገኝቷል። ነገር ግን ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ቤታቸውን ለነጋዴ እያከራዩ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ምሰሶውና ክዳኑ ይጠበቃል፤ ውሃው ሲመጣ አስቀድሞ ምን እንደሚነሣ፣ የአያቶች መሠዊያ ወዴት እንደሚወጣ፣ ማን ከታች ሆኖ ማን ከላይ ሆኖ እንደሚቀባበል የሚያውቀው ቤተሰብ ግን ከቤቱ ይለያል።

የእንጨት ቅርስ በአናጢ እጅ ይታደሳል። የአኗኗር ዕውቀት ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳያልፉ ካልተጻፈ የሚያድሰው አናጢ የለውም። ስለዚህ የወንዝ ዳር ቤተ መዘክር ሥራ ዕቃን መደርደር ብቻ ሳይሆን፣ ከፍርግርጉ ቀዳዳ አጠገብ ገመዱን ይስቡ የነበሩትን ሰዎች ቃል ማኖር ጭምር ነው።