ቀይ ቀለም የበዛበት የጥናት ዕቅድ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከመስኮቱ አጠገብ ዘወትር የሚቀመጡ አንድ የሥራ ባልደረባ አሉኝ። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ እሳቸው ብዙ ዘመን አስተምረው ነበርና ጋሼ እላቸዋለሁ። የተማሪ ደብተር ሲያርሙ ቀይ ቀለም አይቈጥቡም። ባለፈው ዓመት ግን ቀዩ ቀለም ወደ እሳቸው ዞረ፤ ለዶክተርነት ማዕረግ ያቀረቡት የጥናት ዕቅድ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲታረም ተመለሰ።

ለቡና ስንወጣ ወረቀቱን ዘርግተው አሳዩኝና «እተወዋለሁ» አሉኝ። የሚተዉት ቀላል ነገር አልነበረም፤ የሁለት ዓመት የሌሊት ንባብና ከደመወዛቸው የቈረጡት ገንዘብ ነበር።

የዕቅድ እርማት ከሌላው እርማት ይልቅ የሚያምበት ምክንያት አለው። የተፈጸመ ጥናት ቢነቀፍ ጸሐፊው ያገኘውን ማስረጃ አውጥቶ ይከራከራል። ዕቅድ ያቀረበ ሰው ግን በእጁ ያለው ተስፋ ብቻ ስለ ሆነ፣ «ይህ አይሆንም» ሲባል ሥራው ሳይሆን ራሱ የተነቀፈ ይመስለዋል። ፈታኞችም ደኅና የሆነውን ገጽ ዝም ብለው ያልፉታል። (ጋሼስ ቢሆኑ ለተማሪ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር መቼ አንዳች ነገር ጽፈው ያውቃሉ?)

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና የአይንስታይንን ነገር አነሣሁ። አይንስታይን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1901 ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበውን የዶክትሬት ጽሑፍ በ1902 መልሶ ወሰደው። ከዚያም በበርን ከተማ በፓተንት መሥሪያ ቤት በዝቅተኛ ማዕረግ እያገለገለ፣ በ1905 ስለ ሞለኪውሎች መጠን ሌላ ጽፎ ማዕረጉን አገኘ። ስኳር ሲሟሟበት የውኃ ዝልግልግነት ምን ያህል እንደሚጨምር ተመልክቶ የአቮጋድሮን ቍጥር 2.1 × 10²³ ነው አለ። ዳሩ ግን ዣክ ባንስላን የተባለ ተመራማሪ በፓሪስ ያደረገው ሙከራ ከቀመሩ ጋር አልገጥም አለ። አይንስታይንም ስሌቱን እንዲመረምርለት ሉድቪግ ሆፕፍን ጠየቀ፤ ሆፕፍ ስሕተቱን አገኘው። በ1911 እርማቱ ሲታተም፣ በተሻለ መረጃና በታረመው ቀመር፣ ቍጥሩ 6.56 × 10²³ ሆነ። ዛሬ የምናስተምረው 6.022 × 10²³ ነው። እንግዲህ ዋናው እርማት የመጣው ማዕረጉ ከተገኘ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ጋሼ ሳቁና «እኔ አይንስታይን አይደለሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የታላቅ ሰው ታሪክ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ያህል ያሞቃል።

ስለዚህ ወረቀቱን አብረን አነበብነው። ሃያ ሰባት ማስታወሻ ቈጠርን። ዘጠኙ ስለ አጻጻፍ ነበሩ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ እነዚህን አማካሪያቸው ይፍቷቸው ብለን ተውናቸው። የቀሩት በልዩ ልዩ ቃል የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄው ሰፍቷል። ጋሼ የተነሡት በመላው ኢትዮጵያ ተማሪዎች ትምህርት የሚያቋርጡበትን ምክንያት ሊመረምሩ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቀድሞ ወዳስተማሩበት የገጠር ትምህርት ቤት ሄዱ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው የአራት ዓመት የስም መጥሪያ ሲያገላብጡ ዋሉ። የቀሪዎቹ ምልክት ዓመቱን ሙሉ እኩል የተበተነ ሆኖ አላገኙትም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ፣ ይበዛል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ልጅ ይመለሳል፤ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል።

ሰኞ ጧት ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ «የሚመለሰውን ከማይመለሰው የሚለየው ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ስለ መተው አላነሡም።

አራተኛው ዕቅድ ከመጀመሪያው በግማሽ ያንሳል። እሱም ስድስት ማስታወሻ ይዞ ተመለሰ። ጋሼ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማረም ጀመሩ። አምስቱን ተቀበሉ፤ ስድስተኛውን ግን አልተቀበሉትም፤ ምክንያታቸውንም ከስም መጥሪያው አውጥተው ከጎኑ ጻፉ።