በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ያገኘኋቸው ሰው

ቦታው አየር ጤና ነው፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል። የታክሲው ሰልፍ ጫፉ አይታይም። እንደ ሁላችሁም ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ቆሜያለሁ፤ ልዩነቱ፣ የማነበው የአልጀብራ ጽሑፍ ነበር (አትፍረዱብኝ፣ የመመረቂያ ጥናቴ ነው)። ከመሰላቸቴ ብዛት ዘልዬ ማጣቀሻው ጋ ደረስኩ። እዚያ አንድ ስም ዓይኔን ያዘው፦ ገመዳ፣ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ፣ 1976።

ገመዳ? ይሄማ የእኛ ሰው ስም ነው!

ዶክተር ደምሱ ገመዳ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ያስተማሩ፣ የሒሳብ ተማሪ የሆነ ሁሉ በኮርስ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ስማቸውን ሳያይ የማይቀር ምሁር። እኔም አይቼዋለሁ። የዶክትሬት ሥራቸውን ዓለም እንደሚጠቅሰው ግን አላውቅም ነበር።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ከሰልፉ ሳንወጣ እንየው። አንዱ ታክሲ በየ12 ደቂቃ፣ ሌላው በየ18 ደቂቃ ይመጣል እንበል። አሁን አብረው ከደረሱ፣ እንደገና የሚገናኙት ከ36 ደቂቃ በኋላ ነው። ይሄ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። 12 እና 18 ሲባዙ ግን 216 ይሆናል፤ ለ36 ስታካፍሉት ድርሻው 6 ነው። ይቺን 6 ያዙልኝ።

በ1966 ዲያና ቴይለር የተባለች ሒሳበኛ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ስትሠራ፣ በቁጥር ፈንታ ኤክስና ዋይ የተባዙባቸውን ሞኖሚያሎች ይዛ፣ በጋራ ብዜት አማካይነት ዝምድናቸውን ደረደረች። ሦስት ሞኖሚያል ቢኖር ሦስት የጥንድ ዝምድና፣ ከዚያ በላይ አንድ የዝምድና ዝምድና ይወጣል። የአጎትና የአክስት ልጅ ቆጠራ በሉት። የአልጀብራ ሰዎች ሬዞሉሽን ይሉታል። ችግሩ ትርፍ ነገር ይበዛበታል፦ በ10 ሞኖሚያል 1024 አባል ይደረደራል።

ዶክተር ደምሱ ያሳዩት፣ የቴይለር ድርድር አባላት እርስ በርሳቸው ሊባዙ እንደሚችሉ ነው። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ስታባዙ የጥንዱ አባል ይወጣል፤ ፊቱ የሚቆመው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ 6 ዓይነት ድርሻ ነው። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ምልክቱ ይለወጣል፤ አንዱ በሁለቱም ወገን ከተደገመ ዜሮ ነው። ስትጽፉት በቃ ሁለት መስመር! እኔ ግን ማባዛቱ ከድርድሩ ጋር መስማማቱን ለማረጋገጥ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? በዚያው ዘመን ብራንዳይስ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ ቡክስባውምና ዴቪድ አይዘንባድ፣ ትርፍ የሌለው ትንሹ ሬዞሉሽንስ ሁልጊዜ እንዲህ ይባዛል ወይ የሚል ጥያቄ ይዘው ነበር። ጽሑፋቸው በ1977 ወጣ። መልሱ "ሁልጊዜ አይደለም" ሆነ፤ የሉቼዛር አቭራሞቭ የ1981 ጽሑፍ ምን እንደሚያግደው በዝርዝር አሳይቷል። ትንሹ እምቢ ሲል፣ የቴይለሩ ግን ትርፉን እንደተሸከመ ሁልጊዜ ይባዛል። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ዛሬም ወደ ደምሱ ሥራ ይመለሳል። የሚጠቅሱትም ያንኑ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ የቴይለርንም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን ያስቀኛል። ፈረንጆቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙ "ገመዳ እንዳሳየው" እያሉ ይጽፋሉ። በእኛ አቆጣጠር ምስጋናው ለአባትየው ሄደ ማለት ነው።

እኔ በጥናቴ "ደምሱ እንዳሳዩት" ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ በቀይ አስምረው "በውጭው አሠራር አስተካክለው" አሉኝ። እስካሁን አላስተካከልኩትም።