ዋንዛና ስሙ የተዘለለው ሠዓሊ
መንጌም ሆነ አሶሳ ዙሪያ ያላችሁ፣ ዋንዛ ሲያብብ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አበባው ነጭ ነው፤ እንደ መለከት አፉ ይሰፋል፣ ጠርዙ የተጨማደደ ነው። ከታች የያዘው ቡናማ ጽዋ በጣት ሲዳሰስ ሸንተረሩ ይታወቃል። ቅጠሉንም ዳብሱት፣ ይሻክራል። ይህ ሻካራነት በቤተሰቡ በቦራጂናሲዬ የተለመደ ነው። ሜዳ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣው፣ ፍሬው ልብስ ላይ የሚጣበቀው ሲኖግሎሰምም የዋንዛ ዘመድ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዋንዛን በሥዕል አስተዋወቀ፤ የዕፅዋት ተመራማሪው ላማርክ በ1792 ኮርዲያ አፍሪካና ብሎ ሰየመው። በጉዞው ዕፅዋትን ይሥል የነበረው ግን ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም ሥዕሎቹን እንደ ራሱ ሥራ አቀረባቸው። ለእኔ ይህ ነውር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ልዩ ጥበቃ ከሰጣቸው ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። ዋንዛን ፎቶ ስታነሱ አበባው ብቻ አይበቃም፤ ጽዋውንና የቅጠሉን ጀርባም አንሱ፣ ዝርያውን ለመለየት የሚረዱት እነሱ ናቸው።