ስፌት ለማስተማር ወደ ሩቅ መንደር ስለሚሄዱ ሴቶች

በኢዮጴ ትኖር የነበረችው ጣቢታ ባረፈች ጊዜ፥ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርስዋ የሠራችላቸውን ልብስ እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 9 ተጽፎ እናነባለን። ጣቢታ ሰፍታ ሰጠች። በዘመናችን ደግሞ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ተነሥተው፥ ደመወዝ ሳይቀበሉ፥ በምሥራቅ አፍሪካ መንደሮች ስፌት የሚያስተምሩ ሴቶች አሉ። በውጭ አገር ከሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን ልጆችም ይህን የሚመኙ አይታጡምና፥ ነገሩን ጠጋ ብለን እንመልከተው።

ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ፥ ምን ይሰፋል? የሚለው ነው። በኬንያ ገጠር ቀሚስ መስፋት የተማረች ሴት ሥራዋን ወደ ገበያ ስታወጣ፥ እኛ ሰልባጅ የምንለው፥ በዚያ ሚቱምባ የሚባለው አሮጌ ልብስ ይጠብቃታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ እርስዋ ለጨርቁ ብቻ ከከፈለችው ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ጉዳዩ መንግሥታትን ሳይቀር ያከራከረ ነው። ሩዋንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በአሮጌ ልብስ ላይ የነበረውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር ከፍ ብታደርግ፥ አሜሪካ በ2018 ዓ.ም. የሩዋንዳ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሰጠችውን መብት አገደች። እንግዲህ አንዲትን የመንደር ሴት ከእንዲህ ያለ ገበያ ጋር ማታገል ለእኛ ጭካኔ ይመስለናል። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ግን ቀለሙ በየትምህርት ቤቱ ስለሚለያይ ከሰልባጁ ክምር በቀላሉ አይገኝም። ሰልባጁንም ቢሆን በልክ ማጥበብና መጠገን እንጀራ ያስገኛል።

ሌላም አለ። በወር አበባ ስለሚሆነው ነገር በቤተ ሰብ መጽሔት መጻፉ የሚከብደው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እንላለን። ሴሌስት መርጀንስ የተባሉ አሜሪካዊት በ2008 ዓ.ም. በናይሮቢ አቅራቢያ ያሉ የሙት ልጆች በዚያ ወራት ከትምህርት ቀርተው በክፍላቸው ካርቶን ላይ እንደሚቀመጡ ተረዱ። በመጀመሪያ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ተላከላቸው፤ ነገር ግን መጣያ ስፍራ አልነበረም። ስለዚህ ታጥቦ የሚመለስ ጨርቅ መስፋት ተጀመረ፤ ዴይስ ፎር ገርልስ የተባለውም ድርጅት ከዚህ ተወለደ። የመጀመሪያው ጨርቅ ነጭ ስለ ነበረ እድፉን ያሳይ ነበር፤ ልጃገረዶቹም በአደባባይ ሊያሰጡት አፈሩ። እነርሱ ተጠይቀው በአበባማና በደማቅ ጨርቅ ተለወጠ። መምህራኑ ከተማሪዎቻቸው የተማሩት ይህን ነው።

ስለ መኪናው ጥቂት እንጨምር። መብራት በሌለበት መንደር የሚያገለግለው በእግር የሚረገጠው ነው፤ እርሱንም ከባሕር ማዶ ከማጓጓዝ መለዋወጫው በሚሸጥበት በዚያው አገር መግዛት ይሻላል። መምህርቱ ከሄደች በኋላ ሥራውን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ የላላ ጠፍር፥ ዘይት ያጣ ብረት፥ የተጣመመ መርፌ። ክሩ ከጨርቁ በታች ሲተበተብ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ክር አገባብ ላይ ነው፤ ይህን የማታውቅ ግን የታችኛውን ስትፈታ ትውላለች። ለተራ ጥጥ ጨርቅ ቁጥር 14፥ ለወፍራም ቁጥር 16 መርፌ ይበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ለመፍታት፥ ለማጽዳትና መልሶ ለመግጠም ቢውል፥ ከመንደሩም ሴቶች እጅዋ የቀናው አንዲት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ከመምህርቱ ጎን ቆማ ብታስተምር እንመርጣለን።