ከእርሳስ ወደ ብረት፦ የአዳኞች የረጅም ዘመን ክርክርና ወረቀት ላይ የሚገኘው መልስ

የአደን ሾትገን አንድ ጊዜ ሲተኮስ ከአፈሙዙ የሚወጡት እንደ መጠናቸው ከመቶ እስከ አራት መቶ የሚጠጉ ትንንሽ ፍሬዎች ናቸው። ወፏን የሚያገኟት ጥቂቶቹ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ሐይቅ ውስጥ፣ ረግረግ ላይ፣ እርሻ ላይ ይወድቃሉ። ለዘመናት እነዚህ ፍሬዎች የሚሠሩት ከእርሳስ ነበር። ዳክዬና ዝይ ደግሞ ጥርስ ስለሌላቸው የበሉትን የሚፈጩት ጠጠር ለቅመው በመዋጥ ነው፤ ጠጠር መስሏቸው እርሳሱንም ይውጡታል። እርሳሱ በጡንቻማው ከርሳቸው ተፈጭቶ፣ በአሲድ ተሟሙቶ ደማቸው ውስጥ ይገባል። አንዲት ዳክዬ ለመግደል ጥቂት ፍሬ ይበቃል።

ችግሩ በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ቤልሮዝ የተባለ የኢሊኖይ ተመራማሪ፣ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የውሃ ወፎች በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በእርሳስ ተመርዘው እንደሚሞቱ ገመተ። ሆኖም የውሃ ወፍ በእርሳስ ጥይት ማደን በመላው አሜሪካ የተከለከለው በ1991 ነው። ከጥናቱ እስከ ክልከላው 32 ዓመት ሄደ።

ያን ያህል ያዘገየው ምንድን ነው? የአዳኞች ዋና መከራከሪያ “ብረት ቀላል ነው፤ ከመግደል ይልቅ አቁስሎ ይለቃል፤ ከመርዙ ያዳናችኋትን ዳክዬ በቁስል ትገድሏታላችሁ” የሚል ነበር። ይህ ክርክር ከክፋት የመነጨ አልነበረም። በ1970ዎቹ ገበያ ላይ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የብረት ጥይቶች በእርግጥም ደካሞች ነበሩ። የቁሱም ባሕርይ ሌላ ነው፤ የእርሳስ እፍጋት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የብረት 7.8 ብቻ ነው። መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ፍሬዎች በአንድ ፍጥነት ቢወጡ የብረቱ ቶሎ ይደክማል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ፍሬውን በሁለት ቁጥር ማተለቅ ነው (ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል)፤ በእርሳስ ቁጥር 4 ይተኩስ የነበረ በብረት ቁጥር 2 ይይዛል። የፍሬው ጉልበት በዚህ ይካካሳል።

የፍሬዎቹ ስርጭት ጉዳይ ግን በዚህ አይፈታም፤ በእኔ እምነት ክርክሩ ሁልጊዜ የተድበሰበሰው እዚህ ላይ ነው።

ቾክ የሚባለው የአፈሙዙ ጫፍ መጥበብ ነው። ባለ 12 ጌጅ ጠመንጃ ላይ ሞዲፋይድ የሚባለው ቾክ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ፉል የሚባለው ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያጠባል። ይህች ትንሽ ልዩነት የስርጭቱን መልክ ትለውጠዋለች። በተለመደው መለኪያ በ40 ያርድ ርቀት ላይ፣ ማለትም በ36.5 ሜትር ገደማ፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ሲሊንደር (ያልጠበበ አፈሙዝ) 40፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ሞዲፋይድ 60፣ ፉል 70 በመቶ የሚሆነውን ፍሬ ያስገባል ይባላል። እነዚህ መቶኛዎች የወጡት ግን ለእርሳስ ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ባሩዱ ሲገፋው ይጨፈለቃል፤ ክብነቱን ያጣ ፍሬ ደግሞ አየር ላይ ከመስመሩ ይወጣል። ብረት አይጨፈለቅም። ክብ እንደሆነ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሞዲፋይድ ተብሎ የተጻፈበት ቾክ በብረት ጥይት ብዙ ጊዜ የፉልን ያህል ያጠባል። በእርሳስ ዘመን ልማዱ በፉል የሚተኩስ አዳኝ ብረት ሲይዝ ስርጭቱ ከሚፈልገው በላይ ይጠብና ወፏን ይስታታል፤ ወይም በዳር ፍሬ ያቆስላታል። ጥፋቱን ግን ለብረቱ ይሰጠዋል።

እርሳስ ያልሆነው ሁሉ ብረት አይደለም፤ ይህም ነገሩን ያወሳስበዋል። ቢስመዝ 9.6 እፍጋት ስላለው ወደ እርሳስ ይቀርባል፤ ለስላሳ በመሆኑም ለአሮጌ ጠመንጃዎች ይስማማል። እፍጋቱ 18 የሚደርስ የተንግስተን ቅይጥም አለ፤ በጣም ትንንሽ ፍሬ ሆኖ ሩቅ ይገድላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። እያንዳንዱ ቁስ በእያንዳንዱ ቾክ የየራሱ ጠባይ አለው። ፍሬዎቹን የሚይዘው የፕላስቲክ ኩባያም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አንድ ዓይነት ቾክ የተጻፈባቸው ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ከአንድ ካርቶን በወጣ ጥይት የተለያየ ስርጭት ሊያሳዩ ይችላሉ።

ይህን የሚያውቀው የፈተነ ብቻ ነው። ፈተናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከአንድ ሜትር የሚሰፋ ወረቀት በ40 ያርድ ይወጠራል፤ መሐሉ ላይ ምልክት ተደርጎ በእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ይተኮሳል። ከዚያ ፍሬው በጣም በተሰበሰበበት ቦታ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሰመርና ቀዳዳዎቹ ይቆጠራሉ። ከአንድ ተኩስ ፍርድ መስጠት አይገባም፤ ስርጭቱ ከተኩስ ተኩስ ስለሚዋዥቅ ቢያንስ አምስት ወረቀት ያስፈልጋል። ሲቆጠር መሐሉ ከምልክቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ መሄዱንም ማየት ደግ ነው፤ ቁጥሩ ያማረ ጠመንጃ ሌላ ቦታ እየመታ ሊሆን ይችላል።

ስንት ፍሬ ይበቃል? ለአሜሪካ አዳኞች የመርዝ አልባ ጥይት ሰንጠረዥ ያዘጋጀው ቶም ሮስተር ለማላርድ ዳክዬ በክቡ ውስጥ ቢያንስ 85 ያህል ፍሬ መግባት አለበት ይላል። 32 ግራም ቁጥር 2 ብረት የያዘ ጥይት 141 ያህል ፍሬ አለው። ስለዚህ 85ን ለማግኘት 60 በመቶው መግባት አለበት። የአንድ አዳኝ ጠመንጃ በዚያ ጥይት 50 በመቶ ብቻ ካስገባ 70 ፍሬ ነው ያለው፤ ወይ ቾኩን ይቀይር፣ ወይ ጥይቱን፣ ወይ ደግሞ ሲቀርቡለት ይተኩስ። ዳክዬ ቆስላ ወደ ሸምበቆው የምትገባው ይህን ሒሳብ ሳይሠራ በተተኮሰ ጥይት ነው።

“ብረት አይሠራም” ለሚለው ጥሩው መልስ ከቴክሳስ መጥቷል። በ2008 እና በ2009 በዋኖስ አደን ላይ በተደረገ የመስክ ሙከራ አዳኞቹም ታዛቢዎቹም የትኛው ጥይት እርሳስ፣ የትኛው ብረት እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከ5,000 በላይ ተኩሶች ተመዘገቡ። በተገደሉም፣ በቆሰሉም፣ በተሳቱም ወፎች ብዛት በእርሳሱና በብረቱ መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልታየም። በሚሲሲፒ የወፎች ፍልሰት መስመር የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በማላርድ ዳክዬዎች ላይ ከክልከላው በኋላ በእርሳስ መመረዝ የሚደርሰው ሞት በ64 በመቶ መቀነሱን ገምቷል።

አውሮፓ በአንድ ልብ አልሄደችም። ዴንማርክ በ1996 በእርሳስ ፍሬ ማደንን ፈጽማ ከለከለች፤ አደኑ ግን አልቆመም። ኖርዌይ በ2005 ከልክላ በ2015 ከረግረግ ውጭ ላለው መልሳ ፈቀደች። እንግሊዝ በ1999 ዳክዬን በእርሳስ መተኮስን የሚከለክል ሕግ ብታወጣም ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ከሻጮች የተገዙ ዳክዬዎች ሲመረመሩ 70 በመቶዎቹ በእርሳስ የተመቱ ነበሩ። አዳኙ በመሣሪያው እስካላመነ ድረስ ሕግ ብቻውን ብዙ አይራመድም። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረግረጎችና ከእነሱ 100 ሜትር ባልበለጠ ርቀት እርሳስ መተኮስን ከልክሏል።

ጉዳዩ የባዕድ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በሩሲያ የሚፈለፈሉ ዳክዬዎች ክረምታቸውን ሽሽት ዝዋይና ጣና ድረስ ይመጣሉ። ኢትዮጵያም በአፍሪካና በዩሬዢያ መካከል የሚፈልሱ የውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነት አባል ናት፤ ስምምነቱ አባል አገሮች ረግረግ ላይ እርሳስ መተኮስ እንዲቀር እንዲጥሩ ይጠይቃል።

በአሜሪካ የምትኖሩና የአደን ፈቃድ ያላችሁ አንባቢዎች፦ አዲስ ጥይት ስትገዙ ቾኩ ላይ የተጻፈውን ስም አትመኑ። አሮጌ ጠመንጃ ከሆነ ብረት ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠመንጃ ሠሪ አሳዩ። ከዚያ የአደኑ ወቅት ከመከፈቱ በፊት አምስት ወረቀት ወጥራችሁ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ።