መለኪያ በሌለበት ቦታ የፀሐይን ጨረር መገመት



የፀሐይን ጨረር በቀጥታ የሚለካው ፓይራኖሜትር ውድ መሣሪያ ነው፤ ብርጭቆው ዘወትር መጠረግ፣ ንባቡም በየጊዜው መመሳከር አለበት። ስለዚህ በአብዛኞቹ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎቻችን የምናገኘው የዝናብና የሙቀት መዝገብ ነው፤ ፀሐይ የታየችበትን ሰዓት የሚመዘግቡት ጥቂቶች ናቸው።

መነሻችን ከከባቢ አየር በላይ ያለው ጨረር ነው። እርሱ ከኬክሮስና ከዕለቱ ብቻ ይሰላል። አዲስ አበባ ባለችበት በ9 ዲግሪ ሰሜን፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ በቀን በካሬ ሜትር 37 ሜጋ ጁል ገደማ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን 31 ገደማ ነው። ምድር ላይ ነገሩን የሚገለብጠው ደመናው ነው።

አንግስትሮም በ1924 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ሰዓት ከጨረሩ ጋር አዛመደ፤ ፕሬስኮት በ1940 ቀመሩን አሁን በያዘው መልክ አስቀመጠው። የአካባቢው ቁጥር ከሌለ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት 0.25 እና 0.50ን ውሰዱ ይላል። በሐምሌ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል የቀን ርዝመት ውስጥ ፀሐይ 3 ሰዓት ብቻ ታየች እንበል። ጥምርታው 0.24፣ ግማሹ 0.12 ነው፤ 0.25 ሲጨመርበት 0.37 ይሆናል፤ በ37 ሲባዛ 13.7 ሜጋ ጁል እናገኛለን።

የፀሐይ ሰዓት ካልተመዘገበስ? ሃርግሪቭስና ሳማኒ በ1982 የሙቀት ልዩነትን ተጠቀሙ። በዚያው ዕለት ከፍተኛው 20፣ ዝቅተኛው 11 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 9፣ ስኩዌር ሩቱ 3 ነው፤ ከባሕር ለራቀ ምድር በሚወሰደው 0.16 እና በ37 ሲባዛ 17.8 ሜጋ ጁል ይደርሳል። ለአንድ ቀን ሁለት መልስ! ሌሊት ከተራራ የሚወርደው ብርድ፣ ነፋሱና እርጥበቱም ያንን ልዩነት ያሰፉታል ወይም ያጠቡታል፤ ቀመሩ ግን ሁሉንም ለፀሐይ ይሰጣል።

ይህን በሥራ ተምሬዋለሁ። ለአንድ ገጠር ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሆን የሶላር ሰሌዳ መጠን ሳሰላ፣ የሙቀቱን ቀመር ይዤ የዓመቱን አማካይ ወሰድሁ። በወረቀት ላይ ትርፍ ኃይል ነበረን። ሐምሌ ሲገባ ባትሪው ባዶ ሆነ፤ ክትባቱም ተጣለ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፦ ማቀዝቀዣ በአማካይ አይሠራም፣ ደመና በበዛበት ወር ነው የሚፈተነው።

የተዋስነው ቁጥርም በደጋ ያጎድላል። 0.25 እና 0.50 ሲደመሩ የጠራ ሰማይ 0.75 ያሳልፋል ማለት ነው፤ የዚያው ድርጅት የከፍታ ማስተካከያ ግን በ2,400 ሜትር ላይ 0.80 ገደማ ይሰጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። የሳተላይት ግምትም ቢሆን ሰፊ ቦታን በአንድ ቁጥር ይወክላል፤ ደጋውና ሸለቆው በተጎራበቱበት አገር በጥንቃቄ ይወሰድ።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የፀሐይ ሰዓት በሚመዘገብበት ጣቢያ አንድ ፓይራኖሜትር ለአንድ ሙሉ ዓመት አቁሙ። ሁለቱን ቁጥሮች ከዚያ አውጡ፤ የክረምቱንም ከበጋው ለይታችሁ አስሉ።