ጎሬ፦ የመንግሥት መጠጊያ፣ የጳጳስ መሥዋዕት

የትንሣኤ በዓል ብዙውን ጊዜ ከሚያዝያ 27ቱ የድል በዓል ጋር ተቀራርቦ ይውላል። ከጾሙ በኋላ በማዕድ ዙሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብ ስለ አርበኞችና ስለ ሰማዕታት ሲያነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የአቡነ ጴጥሮስን ስም ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁንና ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኮረብታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬም የራሷ ሰማዕት ጳጳስ አሏት። ዛሬ ስለ እርሷ ጥቂት ልንል ወደድን።

ጎሬ በዘመናዊት ኢትዮጵያ ምሥረታ ዘመን የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። አገሩ በጦር ኃይል ጭምር መጠቃለሉንና የአገሬው ገበሬ ከባድ ሸክም መሸከሙን ግን መዘንጋት አይገባም። በ1890 ዓ.ም. ተሰማ የላኩት ጦር እስከ ነጭ ዓባይ ዳርቻ ደርሷል። እርሳቸውም ኋላ የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው በ1903 ዓ.ም. አርፈዋል። የአካባቢው ቡና ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ስለ ነበር ከተማዪቱ በንግድ ደመቀች፤ የእንግሊዝ ቆንስልም ተቀመጠባት።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ዋና ከተማዪቱን ያዘ፤ ግንቦት 1 ቀንም ሮማ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት ሆናለች ስትል ዐወጀች። በጎሬ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት አልጠፋም ነበር። በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራ ጊዜያዊ መንግሥት በዚያ ቆመ፤ ልዑል ራስ እምሩም ከሰሜኑ ጦር ሜዳ ተመልሰው በእንደራሴነት ደረሱ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ የአቤቱታ ንግግር ሲያሰሙ፣ የአገሪቱ ሰፊ ክፍል ገና በጠላት እጅ አልገባም ነበር። እርግጥ ነው፣ መንግሥቱ በምዕራቡ ሁሉ ድጋፍ አላገኘም፤ የወለጋና የአካባቢው ባላባቶች ከፊሎቹ በጎሬው ቆንስል በኩል የእንግሊዝን ሞግዚትነት እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። የቀደመው አገዛዝ ያሳደረው ቅሬታ በክፉ ቀን ተገለጠ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አቡነ ሚካኤል ነበሩ። ለ1600 ዓመታት ገደማ ከግብፅ በሚላኩ ጳጳሳት ስትመራ የኖረችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙላት ከመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ከአራቱ አንዱ የሆኑት አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በኅዳር 1929 ዓ.ም.፣ ጠላት ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ደቡብ አቅንተው ነበር፤ በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተግዘው ለዓመታት ታሰሩ። አቡነ ሚካኤል ግን ለወራሪው አንገዛም ብለው በሀገረ ስብከታቸው ጸኑ፤ በዚያው በጎሬም በጥይት ተገደሉ።

የኢሉባቦር አስተዳደር መቀመጫ ኋላ ወደ መቱ ስለ ተዛወረ ጎሬ ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በዓሉን ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ወደዚያ የሚወጣ ሰው አረጋውያኑን የአቡኑን ነገር ቢጠይቅ የሚነግረው አያጣም።